የእናቴ ክንድ 34 ሴንቲ ሜትር ነው፦ ከቤት ደም ግፊት መለኪያ ጋር 14 ወር

ሽሮ ሜዳ ላይ የሐበሻ ቀሚስ ስሰፋ 22 ዓመቴ ነው። ሜትሬ አንገቴ ላይ ከሌለ አንድ ነገር የረሳሁ ይመስለኛል። ካለፈው ዓመት ኅዳር ወዲህ ግን ከስፌት መኪናዬ አጠገብ ሌላ መለኪያ ተቀምጧል፤ ልብስ ሊያሠራ የሚመጣ ሰው ሁሉ ዓይኑ እሱ ላይ ያርፋል። «ይሄ ነገር እውነቱን ይናገራል? ለእናቴ ብገዛላትስ? የትኛውን?» ይሉኛል። ለእያንዳንዱ ቆሜ ከማስረዳ አንዴ በደንብ ልጻፈው ብዬ ነው።

ዕቃው በላይኛው ክንድ ላይ የሚጠመጠም፣ በ4 ባትሪ ድንጋይ የሚሠራ የቤት ደም ግፊት መለኪያ ነው። የኩባንያውን ስም አልጠራም፤ የምለው ለዓይነቱ ሁሉ ይሠራል።

እንዴት ወደ ቤታችን እንደገባ ልናገር። ጥቅምት ላይ አንድ እሑድ፣ ከቅዳሴ መልስ፣ እማዬ ቡና አፍልታ ነበር። አቦሉ ተጠጥቶ ቶናውን ስትቀዳ ሲኒው ሞልቶ ረከቦቱ ላይ መፍሰስ ጀመረ። እሷ ግን ጀበናውን አላቀናችውም። «እማዬ፣ ሞልቷል እኮ» አልኳት። ቀና ብላ አየችኝ፤ የከንፈሯ የቀኝ ጫፍ ወደ ታች ወርዷል። ልትመልስልኝ አፏን ስትከፍት ቃል አልወጣም፤ የተጎተተ ድምፅ ብቻ ነው የወጣው። ጀበናው ከእጇ ተንሸራቶ ቄጤማው ላይ ተጋደመ።

ጎረቤቶች አብረውን ነበሩ። አንዷ «ንፋስ መቷት ነው፣ ሸፍኗት» አለች፤ ጋቢ ደረብንላት። ሌላዋ ሮጣ ሄዳ ጸበል አመጣች። ሩብ ሰዓት ያህል ቆይቶ አፏ ተመለሰ፣ እጇም ታዘዘላት። «ምን ሆናችሁ ነው እንዲህ የከበባችሁኝ?» አለችን። በረካውን ጠጥታ ጋደም አለች። እኔም እግዚአብሔርን አመስግኜ ዝም አልኩ። ሐኪም ቤት የወሰድኳት በማግሥቱ ነው፤ ይህን ስጽፍ አሁንም ሆዴን ይበላኛል።

ያየቻት ወጣት ሐኪም ታሪኩን አስጨርሳኝ፣ «ይሄ ስትሮክ ነው፤ መጥቶ የሄደ ስትሮክ። ሁለተኛ ሲመጣ ላይሄድ ይችላል። ያኔውኑ ማምጣት ነበረብሽ» አለችኝ። የዚያን ዕለት የእማዬ ግፊት 178 በ102 ነበር።

እማዬ ደም ብዛት እንዳለባት ካወቀች 9 ዓመቷ ነው። ኪኒን ተሰጥቷታል። የምትውጠው ግን ራሷን ሲያማት ብቻ ነበር፤ ራሷን ካላመማት ደም ብዛቱ የለም ብላ ነው የምታምነው። በቀረው ቀን ነጭ ሽንኩርት በባዶ ሆድ ትበላለች። እኔም እንደሷ ነበር የማስበው። ሐኪሟ ወረቀት ላይ የደም ሥር ሥላ አሳየችን። ግፊቱ ለዓመታት ሲበረታ የደም ሥሩ ግድግዳ ይደነድናል፣ ውስጡ ይጠባል፤ አንድ ቀን ወይ በረጋ ደም ይዘጋል ወይ ይፈነዳል። አንጎል ውስጥ ሲሆን ሁለቱም ስትሮክ ነው። እስከዚያች ቀን ድረስ ሰውየው ምንም ላይሰማው ይችላል። እማዬ ሥዕሉን አይታ ዝም አለች። ኋላ መንገድ ላይ «እኔ እኮ ራስ ምታቱ የሚነግረኝ መስሎኝ» አለችኝ። መለኪያ ለመግዛት የወሰንኩት እዚያው ታክሲ ውስጥ ነው።

መጀመሪያ የደረሰን ግን ሌላ ነው። ሪያድ ያለችው እኅቴ ነገሩን በስልክ ስትሰማ በሳምንቱ በሰው እጅ መለኪያ ላከች፤ በእጅ አንጓ ላይ እንደ ሰዓት የሚታሰር። ሲያዩት ቆንጆ ነው፣ ትንሽ ሣጥን ውስጥ ገብቷል። ችግሩ አንጓው ከልብ ዝቅ ካለ ቁጥሩ ይጨምራል፣ ከፍ ካለ ይቀንሳል። እማዬ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ስትለካ የላይኛው ቁጥር 160 ይላል፤ ክንዷን አጥፋ ደረቷ ላይ ስታደርግ 139። በሁለት ደቂቃ ልዩነት! ልኩን ለማግኘት አንጓውን በልብ ትይዩ ሳያንቀሳቅሱ መያዝ ያስፈልጋል፤ ለ67 ዓመት ሴት ይሄ በየቀኑ የሚሆን ነገር አይደለም። ክንዱ በጣም ወፍሮ ሌላ ለማይገባለት ሰው ይጠቅም ይሆናል እንጂ ለእኛ አልሆነም። እኅቴን ላለማስከፋት መሳቢያ ውስጥ አለ።

የክንዱን የገዛሁት ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ካሉት የሕክምና ዕቃ መደብሮች ከአንዱ ነው። ዋጋው ቀላል አይደለም፤ የአንድ ጥሩ ቀሚስ የእጅ ዋጋ በልቶብኛል። ቤት ወስጄ ስለካት 171፣ 168፣ 174 ይላል፤ ጤና ጣቢያ በዚያው ሳምንት ሲለኳት ደግሞ 150ዎቹ ውስጥ ነው። መድኃኒቱ አልሠራም ብዬ ደነገጥኩ። ሁለት ቀን እንቅልፍ አጣሁ።

በሦስተኛው ቀን የሚጠመጠመውን ጨርቅ፣ ነርሶቹ ካፍ የሚሉትን፣ አገላብጬ ሳየው ዳሩ ላይ በደቃቅ ጽሑፍ «22–32» ተጽፏል። ሜትሬን አንሥቼ የእማዬን ክንድ በትከሻዋና በክርኗ መካከል ለካሁት፤ 34 ሴንቲ ሜትር። የጠበበ እጅጌ የሰፋሁላት ያህል ነው! ጨርቁ ሲጠብ ማሽኑ የደም ሥሩን ለመጫን ከልኩ በላይ አየር ይነፋል፣ ቁጥሩም ያለ ልኩ ከፍ ይላል። ሲሰፋ ደግሞ ዝቅ ያደርገዋል፤ ይሄኛው እንዲያውም ይብሳል፣ የታመመውን ሰው ደህና ነህ ብሎ ያሰናብተዋል። ሻጩ ስገዛ ክንዷ ስንት እንደሆነ አልጠየቀኝም፤ እኔም የሰው ክንድ እየለካሁ እየኖርኩ መጠየቅ እንዳለብኝ አላወቅኩም። ተመልሼ ሄጄ ከ22 እስከ 42 የሚለውን ጨርቅ ጨምሬ ገዛሁ። በዚያው ምሽት 152 በ91 አለ። ከጤና ጣቢያው ጋር ገጠመ።

ስለዚህ ልትገዙ ስትሄዱ የሚለካውን ሰው ክንድ ለክታችሁ፣ ቁጥሩን ጽፋችሁ ሂዱ። ሜትር ከሌላችሁ ክር ጠምጥማችሁ ክሩን በማስመሪያ ለኩት። ሌላው የሞዴሉ ነገር ነው። ስትራይድ ቢፒ የሚባል ድርጅት ተፈትነው ያለፉትን መለኪያዎች በድረ ገጹ ያወጣል፤ ከመክፈላችሁ በፊት የሞዴሉን ቁጥር እዚያ ፈልጉት። የእኛው አለበት። መርካቶ ላይ ሣጥኑ የሚመሳሰል ብዙ አለ፣ ዋጋውም ይስባል፤ እኔ ግን በዚህ ዕቃ ርካሽ አልመክርም።

አለካኩ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ዕቃው የሚከብረውም የሚረክሰውም እዚህ ላይ ነው። እማዬ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ፣ ቡናም ኪኒንም ከመቅመሷ በፊት፣ ሽንት ቤት ደርሳ ትመጣለች። ወንበሩ መደገፊያ ያለው ነው፤ በርጩማ ላይ አይሆንም። እግሮቿ መሬት ይረግጣሉ፣ አይቆላለፉም። ክንዷ ጠረጴዛው ላይ፣ በልቧ ትይዩ፤ ጠረጴዛችን ዝቅ ያለ ስለሆነ የተጣጠፈ ጋቢ ከሥሩ አስገባለሁ። 5 ደቂቃ ዝም ብላ ትቀመጣለች። ከባዱ ይሄ ነበር። እማዬ ዝም ብላ መቀመጥ አታውቅም፤ ጨርቁ እየተነፋ «ሽንኩርቱን ከተፍሽው?» ትለኛለች። ማውራት ብቻውን ቁጥሩን ከፍ እንደሚያደርገው ካሳየኋት ወዲህ በልቧ አባታችን ሆይ ትደግማለች። ሁለት ጊዜ፣ በ1 ደቂቃ ልዩነት ትለካለች። ማታም እንዲሁ። እኔ በደብተር እጽፋለሁ፤ ማሽኑ ቢያስቀምጠውም ደብተሩን ሐኪሟ ገልጣ ስታይ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይታያታል። ቤት ውስጥ ሲለካ ወሰኑ 135 በ85 ነው፤ ሐኪም ቤት የምንሰማው 140 በ90 ለሐኪም ቤት ልኬት ነው። አማካዩ ከዚያ በላይ ከዋለ ግፊት አለ ማለት ነው። አንድ ቀን ብድግ ብሎ የታየ ቁጥር አያስደነግጥም፣ የሳምንቱ ነው የሚታየው።

የቅሬታዎቼን ነገር ቶሎ ልጨርሰው። መመሪያው በአማርኛ የለም። የግድግዳ ሶኬት ላይ የሚሰካው ገመድ ሣጥኑ ውስጥ አልነበረም። ሲያስር ያማል፤ በተለይ ሁለተኛው ልኬት። የጨርቁ ማጣበቂያ በ8ኛው ወር ጸጉር ይዞ መላቀቅ ጀመረ፤ እኔ ፈትቼ በአዲስ ማጣበቂያ ሰፋሁት፣ ስፌት ለማያውቅ ግን ሌላ ጨርቅ መግዛት ነው። ከዚህ በላይ የምለው የለኝም።

አሁን ይህን ሁሉ ያስጻፈኝ ነገር። በ4ኛው ወር፣ መጋቢት ላይ፣ ልኬቱ ካለቀ በኋላ ከቁጥሮቹ አጠገብ አንዲት የልብ ምልክት ቀርታ አየሁ። ልብ በመታ ቁጥር ብልጭ የምትለው ሌላ ናት፤ ይቺኛዋ ሁሉ ነገር ቆሞ ብቻዋን የቀረችው ናት። ማታም መጣች። በማግሥቱ ጠፋች። በሦስተኛው ቀን ተመለሰች። መመሪያውን ለእኅቴ በስልክ ፎቶ ላክሁላት፤ የልብ ምት ሥርዓቱን ሲስት የምትታይ ናት አለችኝ። ከዚያ ጣቶቼን የእማዬ አንጓ ላይ አድርጌ ስቆጥር ሁለት ሦስት ይመታና ይዘላል፣ እንደገና ይሮጣል፤ እንደ ስፌት መኪና ክር ሲያዝበት። ለእሷ ምንም አይሰማትም።

ሐኪም ቤት ደረቷ ላይ ገመድ ለጥፈው የልብ ምርመራ አነሡላት። ከስትሮኩ በኋላ ሲያነሡላት ደህና ነበር፤ ይሄ ሕመም መጀመሪያ ላይ እየመጣ የሚሄድ ነው፣ በሄደበት ሰዓት ካዩት አይገኝም። በዚህኛው ቀን ግን ተያዘ። ኤትሪያል ፊብሪሌሽን ይሉታል። የልብ የላይኞቹ ክፍሎች መጭመቃቸውን ትተው ይንቀጠቀጣሉ፤ ደሙ በደንብ ሳይገፋ ሲቀር በግራው በኩል ባለች ትንሽ ኪስ ውስጥ ይረጋል፤ የረጋው ቁራጭ ተነሥቶ ከደም ጋር ወደ አንጎል ይሄዳል። ይህ ያለበት ሰው በስትሮክ የመያዝ ዕድሉ 5 እጥፍ ያህል ነው አለችን ሐኪሟ። ለዓመታት ያልታከመ ደም ግፊት ራሱ ልብን እያሰፋ ወደዚህ ያደርሳል። እኔ እስከዚያ ቀን ልብ ሌላ፣ ጭንቅላት ሌላ ይመስለኝ ነበር። የእማዬ አፍ የተጣመመው ምናልባት ከልቧ በተነሣ ነገር ነው፤ ያ እሑድ እየመጣ ፊቴ ድቅን ይላል። በልጅነቱ ቶንሲል ሳይታከምለት ቀርቶ የልቡ በር የተጎዳበት ሰውም በአገራችን ብዙ ነው፤ እነሱን ይሄ ነገር በወጣትነታቸው ይይዛቸዋል። ስለዚህ ስትሮክ የሽማግሌ ነው የምትሉ፣ አይደለም።

ማሽኑ ሐኪም አይደለም። ያቺ ምልክት ብትታይ ምርመራ ሂዱ ማለት ብቻ ነው፤ እጅ ቢንቀሳቀስም ልትመጣ ትችላለች። ምቱ ለተዛባበት ሰው ደግሞ ግፊቱን ሲለካ ራሱ ይሳሳታል፤ ለዚህ አሁን ሦስት ጊዜ ለክተን አማካዩን ነው የምንጽፈው። ግን ባትኖር ኖሮ ማን ያይልን ነበር?

አሁን እማዬ ዋርፋሪን ትወስዳለች፤ ደም እንዳይረጋ የሚያደርገውን። የስትሮኩን አደጋ ወደ ሦስት እጅ ከፍሎ ሁለቱን እጅ ይቀንሳል። ደሙ በጣም እንዳይቀጥንም እንዳይወፍርም አይ ኤን አር የሚባለው ምርመራ ከ2 እስከ 3 መካከል መሆን አለበት። የጾም ነገር እዚህ ላይ መጣ። ባለፈው ፍልሰታ ሁለቱንም ሳምንት ጎመን በላች፤ አይ ኤን አሩ ወደ 1.4 ወረደ። ጎመን ውስጥ ያለው ቫይታሚን ኬ መድኃኒቱን ይሽረዋል። ጎመን ተዉ አላሉንም፤ በጾምም በፍስክም መጠኑ አንድ ዓይነት ይሁን ነው ያሉን። አሁን በሳምንት ሦስት ቀን፣ በአንድ ጭልፋ ለክቼ ነው የማወጣላት። ኪኒኑንም በጾም እስከ 9 ሰዓት ታቆየው ነበር። የንስሐ አባቷ ቤት መጥተው «መድኃኒት ጾም አይሽርም፤ በሰዓቱ ዋጪ» ካሏት ወዲህ ጠዋት በውኃ ትውጣለች። እኔ መቶ ጊዜ ብናገር አትሰማኝም ነበር።

ጨው ሌላው ነው። እማዬ ቡናዋን በጨው ነው የምትጠጣ፣ ካደገችበት አገር ይዛው የመጣች። ጨው በርበሬው ውስጥ አለ፣ ሽሮው ሲፈጭ ገብቷል፣ ወጡ ሲወርድ ይጨመራል፣ አዋዜው ላይ አለ። የዓለም ጤና ድርጅት የሚለው ለአንድ ሰው በቀን ከ5 ግራም በታች ነው፤ አንድ የሻይ ማንኪያ ማለት ነው፣ ሁሉም ተደምሮ። ዘንድሮ በርበሬና ሽሮ ያለ ጨው አስፈጨሁ። መጀመሪያ «አፈር ነው» ብላ ሳህኑን ገፋችው። ኮረሪማና ጤና አዳም ጨመርኩበት፣ በሦስተኛው ሳምንት ሌላ ሰው ቤት በልታ መጥታ «ጨው ጨምረውበት አልቻልኩም» አለች። ቡናውን ግን ገና ነን፤ ከሦስቱ አንዱን ሲኒ በጨው ትጠጣለች፣ ያን አልከለክላትም። ደብተሩ ላይ ያየሁት እዚህም ነው፤ ከሠርግ ወይም ከማኅበር ማግሥት ጠዋት ቁጥሩ በ8 በ10 ብድግ ይላል፣ ኪኒኗን ውጣ ሳለ። ለእሷም ያሳመናት ይሄ ነው፤ ከእኔ ምክር ይልቅ የራሷ ክንድ።

በእግር ወደ ቁስቋም ትሄዳለች፤ ሄዳ ስትመለስ ከግማሽ ሰዓት ያልፋል፣ በሳምንት 5 ቀን። የሚመከረው በሳምንት 150 ደቂቃ ነው፤ ቤተ ክርስቲያን በመሳም ይሞላል። ዳገቱ ላይ ቆም እያለች ነው የምትወጣ።

እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ፣ ከ32 አገሮች የተሰበሰበ ኢንተርስትሮክ የሚባል ጥናት በስልኬ አነበብኩ። ከ10 ስትሮክ 9ኙ ሊለወጡ ከሚችሉ 10 ነገሮች ጋር የተያያዘ ነው ይላል፤ ከሁሉ የከበደው ደም ግፊት፣ ከዚያ አለመንቀሳቀስ፤ ሌሎቹ አመጋገብ፣ ቦርጭ፣ ሲጋራ፣ ስኳር፣ መጠጥ፣ ጭንቀት፣ የደም ስብ፣ የልብ ሕመም። ይህን ሳነብ አለቀስኩ። ዕጣ ፈንታ ነው ብለን የቀበርናቸውን የግቢያችንን ሰዎች እያሰብኩ።

ለዚህ ነው ማሽኑን ሱቅ ውስጥ ያስቀመጥኩት። ጥለት የሚያመጣልን ሾፌር፣ ገና 38 ዓመቱ ነው፣ ከቃሚያ በኋላ ሲለካ 164 በ104 አለ። ጫት ራሱ ልብን ያስሮጣል፣ ግፊትን ያወጣል። «ሳትቅም ጠዋት ና» አልኩት፤ በማግሥቱ መጣ፣ 148። እሱ አሁን አምሎዲፒን የሚባለውን የግፊት ኪኒን ጀምሯል። አንዲት ደንበኛዬ ደግሞ ለራሷ ገዝታ በቀን 20 ጊዜ እየለካች ራሷን ልታሳብድ ነበር፤ ፍርሃት ቁጥሩን ይጨምራል፣ ቁጥሩ ፍርሃቱን። እንደሷ ለምትጨነቁ ይህን ዕቃ አልመክርም፤ በወር አንዴ ጤና ጣቢያ ብትለኩ ይሻላል። ስኳር፣ ደም ብዛት ወይም ልብ ያለበት ሰው ያለበት ቤት ግን፣ ከቴሌቪዥኑ በፊት ይገዛ እላለሁ።

መለኪያውን ከምታስቀምጡበት ግድግዳ ላይ ደግሞ አንድ ወረቀት ለጥፉ፤ እኛ ለጥፈናል። ፊት ተጣመመ? ክንድ ሲነሣ ወደቀ? ንግግር ተንተባተበ? ሰዓቱን ጻፉና 907 ደውሉ፣ አምቡላንስ ከዘገየ ባገኛችሁት መኪና ሂዱ። የደም ሥሩ ሲዘጋ አንጎል በየደቂቃው 1.9 ሚሊዮን ሕዋስ ያጣል፤ የረጋውን ደም የሚያሟሟው መርፌ የሚሰጠው ምልክቱ ከጀመረ በ4 ሰዓት ተኩል ጊዜ ውስጥ ነው። ምልክቱ ቢያልፍም ሂዱ። ግፊት እስክትለኩም አትቆዩ፤ ያኔ መለኪያው ሥራ የለውም።

ዛሬ ጠዋት 131 በ80፣ 128 በ79፣ 129 በ79። ጨርቁን ራሷ ፈታች፣ አጣጥፋ ሣጥኑ ውስጥ ከተተችው፣ ደብተሩን ወደኔ ገፋ አደረገችልኝ። ሊያልቅ ሦስት ገጽ ቀርቶታል። ባለ 100 ገጽ እንዳልገዛ፣ ባለ 200 ገጽ እንዳመጣላት አዝዛኛለች።